ሳያርሱ

ከዜሮ በታች ሠላሳ፤ የሳስካችዋን ሌሊት ገና ልጅ ነው፤
ብርዱ የወጥ ቤቱን መስኮት በነጭ ላባ ከደነው።
ኦረስት እርሳሱን በምላሱ አርሶ፥
ያምናውን ካላንደር በጀርባው መልሶ፥
እርሻ ይነድፋል፤ የተወውን ጨርሶ
መሬቱን ሸጠን ከተማ የገባን ዕለት።

«ከማሞቂያው ጎን ነው፥ የድንቹ ጆንያ ጥጉ፤
አራት እግር እፀ ፋርስ፤ አራት ነው የሚል ሕጉ።»
«አርባ ዓመት ስንዴና ምስር፥ አርባ ዓመት ጎመን ዘር፥
ዛሬ በስተርጅና አራት እግር ቅጠል ልትቆጥር?»
«ለጣትሽ ቁርጥማት ነው» አለኝ፤ «ለኔም ለወገቤ፤
ደግሞም» — ዝቅ አለ ድምፁ — «ሌላም አለ አሳቤ።»

ከዚያ አፈሩን ነገረኝ፥ ሰው ስለ ልጁ እንደሚያወራ፤
ሣጥኑን ከጥድ ሳንቃ፥ በጡብ ከሲሚንቶው ከፍ አርጎ እንደሚሠራ፤
የበሰለ ብስባሽ፥ የባሕር ሣር ዱቄት፥ የተፈጨ ቅርፊት የእንቁላል፤
«ስድስት ሳምንት ይተኛል» አለ፤ «እስኪነቃ ማን ይቸኩላል?»
በላዩ ማገጥ ይዘራል፤ ማገጡም ገለባ ይለብሳል።
«አንተስ መቼ ነው የምታርሰው?»
«አላርስም፥ ስላቭካ። ትሉ ነው ገበሬው፤ ሞፈር የለው፥ ቀንበር የለው፥
ሌሊት ሙሉ ሲያርስ ያድራል፥ አፈሩን አንዴም ሳያቆስለው።»

«ሽታውስ?» አልኩት። «ፓራስካ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ፥
ደረጃውን ሳትወርድ አፍንጫዋ ነው ቀድሞ የሚደርስ!»
«ከሰል አለው ማጣሪያው» አለ፤ ቱቦ ሣለ፥ አጠፈው፤
በላጲስ ደመሰሰ፤ በሌላ ግድግዳ አሳለፈው።
መብራቱንም በሰንሰለት ሰቀለ በወረቀቱ ላይ፤
ዐሥራ ስምንት ሰዓት ቀን፥ ስድስት ሰዓት ጨለማ፤
«ፀሐይን ገና ዛሬ በማብሪያ ማጥፊያ አዘዝኩ እኔ፤
ስለምናት ያለቀ በከንቱ ዘመኔ!»

ሳቅን። ግን አልለቀቅኩትም፦ «ማረሻ ታቅፈህ የኖርክ፥ አንተ!»
ማሞቂያው ከሥር አጉረመረመ። እርሳሱ ከጣቱ ሸተተ።
«ትዝ ይልሻል ያ ሰኔ፥ ዝናብ የራቀን ጊዜ?
አረም እንዳይታይበት ብዬ፥ ዘር በሌለው ማሳ ላይ፥
ዲስኩን አራቴ ጎተትኩ፤ ይኸው እስከ ዛሬ መዘዜ።
ነፋስ መጣ። አየሁት። ጥቁሩ አፈር ተነሣ፤
አያቴ ከዩክሬን መጥቶ በመጥረቢያ ያቀናው ማሳ
እንደ ጢስ አጥር ዘለለ። በቀትር መብራት አበራሽ፤
ማታ ስኳር ዕቃው ውስጥ አፈሬን አገኘሽ፤
አንድ ቃል ሳትናገሪኝ በማንኪያ ጨልፈሽ ጣልሽ።»

እውነት ነው። እኔ ረሳሁት፤ ያረሰው እሱ አልረሳም፤
ሌሊት ሌሊት እንቅልፉን ያርሳል፤ ነቅቶ ይጋደማል፥ አይነሣም።

«ሲደርስ» አለ «አትንቀይው፤ ካንገቱ በመቀስ ብቻ፤
ሥሩ እዚያው ይቅር፥ ይበስብስ፥ ለሚመጣው ይሁን መሰንበቻ።
ሁለተኛው ተክል በፊተኛው ሥር መንገድ ይገባል፤
አፈር ካልገለበጡት ያውቃል፤ ማን እንደነበረ ያስባል።»

ስለ ተክሉ ነው የሚያወራ። እኔም ሌላ አልጠየቅኩም።
ዘሩ ገና አልታዘዘም፤ መብራቱም ከሱቅ አልመጣም፤
ትሎቹ ግን ቀድመው ገብተዋል፤
በባልዲ፥ ከማቀዝቀዣው ጎን፥
እርጥብ ጋዜጣ ለብሰው።

የድንቹን ልጣጭ ይዤ ክዳኑን ገለጥ አረግሁ።
«ይሄን ይበላሉ?» አልኩት።
«በትንሹ» አለ፥ ቀና ሳይል፤
«ገና እንግዳ ናቸው።»